ከባሕር ዳር፣ ለጀማሪ ዲጄዎች

እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ? በየሠርጉና በጣና ዳር ባሉት ሆቴሎች ስትሠሩ አያችኋለሁ። ኮምፒውተራችሁን ከፍታችሁ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሯችሁ አድርጋችሁ፣ አንዱ ዘፈን ገና ከመግቢያው ሳይወጣ በሌላ ስትቀይሩት እሰማለሁ። ጨፋሪው ትከሻውን ሊያነሳ ሲል ሙዚቃው ከእጁ ይነጠቃል። በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ዘፈንን ከዳር እስከ ዳር ሳታውቁት አትቁረጡት። እኔ እስከ ዛሬ ሸክላ፣ ያንን በመርፌ የሚጫወተውን የድሮ የዘፈን ዲስክ፣ የምሰበስበው ለሳሎን ጌጥ አይደለም፤ ሸክላ ሰውን ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ስለሚያስገድድ ነው።

አንድ ሸክላ አንሡና ከመብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። የተቀረጸው መስመር ከዳር እስከ መሀል አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ባንዱ የሚያይልበት ቦታ ግራጫ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ መሣሪያዎቹ ጋብ የሚሉበት ቦታ ደግሞ ጠቆር፣ ለስለስ ይላል። የቀድሞ ዲጄ መርፌውን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው ይህንን አይቶ ነው። በኒውዮርክ ብሮንክስ በ1973 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኩል ኸርክ የሚባለው ዲጄ የአንድን ሸክላ ሁለት ቅጂ ይዞ፣ ከበሮ ብቻ የሚቀርበትን አጭር ክፍል ከአንዱ ማጫወቻ ወደ ሌላው እየመለሰ ያስረዝመው ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከጨፋሪዎቹ ነው፤ ሰዎቹ ዘፈኑን ሁሉ ትተው ያቺን ክፍል ሲጠብቁ አየ። እናንተ ማሽኑ ላይ ስታጎነብሱ የሚያመልጣችሁ ይኸው ነው።

የእኛ አገር ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ወጣቱ አምሃ ግን ደፈረና በዘፋኙ በአለማየሁ እሸቴ ጀመረ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። በመሀሉ አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ አጠፋው፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ይህንን የምነግራችሁ የታሪክ ፈተና ላስፈትናችሁ አይደለም። በዚያ ዘመን ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ዘፋኙም አብሮ እየዘፈነ ነበር የሚቀዳው። ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሲሞቀው ይፈጥናል። ዘፈኑ ሲጀምርና ሲያልቅ ፍጥነቱ አንድ ላይሆን ይችላል። ሲንክ የምትሉትን፣ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ ተማምናችሁ ሁለት እንዲህ ያሉ ዘፈኖችን ብትደርቡ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከበሮዎቹ ይጣላሉ።

ችክችካ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ልትከፍሉት ትችላላችሁ፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁም ሦስት ቦታ። ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል፤ የእስክስታ ትከሻና የጭብጨባ እጅ በሁለቱ መካከል ይጫወታሉ፤ የጎጃም ጭፈራ ለዛም ከዚህ ይመጣል። የኮምፒውተሩ የዲጄ ፕሮግራም የተሠራው በአብዛኛው በአራት ለሚቆጠረው የፈረንጅ ዳንስ ሙዚቃ ነውና ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ፍጥነት ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ። ስለዚህ ከችክችካ ሃውስ ወደሚባለው የፈረንጅ ዳንስ ሙዚቃ ስትሻገሩ አትደርቡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ሰዉ ያጨብጭብ፤ ጭብጨባው ሳይበርድ ሌላውን አስገቡ። በሁለቱ መካከል የሚገባው ትንሽ ዝምታ አያሳፍርም።

በሸክላ ማጫወቻ ስትሠሩ ፍጥነትን ስትነኩ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረትም ትነካላችሁ። ቴክኒክስ 1200 በሚባለው የዲጄዎች ማጫወቻ ላይ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ እስከ 8 በመቶ ያፈጥናል፣ ያዘገያልም። ወደ 6 በመቶ ገደማ ስታፈጥኑት ዜማው በግማሽ ድምፅ፣ በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ቁልፍ ያህል፣ ይቀጥናል። ትዝታን እንዲህ አድርጋችሁ ብታጫውቱት የአንጋፋው ዘፋኝ ድምፅ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ቅኝቱን ሳይነካ ማፍጠን እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢችልም ትዝታን ማን አፍጥን አለው?

ስለ ሠርግ ጥቂት ልበል፤ እንጀራችን እሱ ነውና። ጉራጊኛን ገና በጊዜ አትጨርሱት። እግር የሚጠይቅ ጭፈራ ነው፤ ሰዉ ምሳ እንደበላ ብትለቁት ግማሹ ይቀመጣል። ትግርኛ ግን ዙሪያውን ቀስ ብሎ የሚያዞር ስለሆነ አዛውንቱም ሕፃኑም ይገባበታል፤ የደከመውን ሳታስቀምጡ የምታሳርፉት በእሱ ነው። ምቱ ወደሚፈጥንበት ክፍል ሲደርስ ደግሞ አትቁረጡት፤ ያን ሁሉ ዙር የዞሩት ለዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ ወደ ጄኔሬተሩ ከመሮጣችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ስሙ። እናቶች ከበሮ አንሥተው የሚጀምሩት ዘፈን ሰዉ በዚያች ሰዓት የፈለገው ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ከእነሱ ፍጥነት ተነሡ።

ድምፁንም ቀንሱት። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤልን ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳሉ። ደግሞም ሐይቁ ላይ ግንብ የለም፤ የእናንተ ባስ ርቆ ይሄዳል፣ ማዶ የተኛም ሰው አለ።

ሸክላ ለመሰብሰብ ላሰባችሁ፦ በዓቢይ ጾም ሠርግ የለም፣ ሥራም ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ለጽዳት አውሉት። በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትላችሁ እንጂ አቋርጣችሁ አትጥረጉ። ሸክላን አቁሙት፤ አስተኝታችሁ አትደራርቡት። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት፣ በተለይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመኪና ውስጥ፣ ሸክላን ያጣምማል። በክረምት ደግሞ የወረቀት ልባሱ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታልም፤ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉት።

ሸክላ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሰው ሳሎን ነው። ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ራዲዮግራም (ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ አብረው ያሉበት ሣጥን)፣ ክዳኑን ስታነሡት ያለ ልባስ የተደራረቡ ትንንሽ ሸክላዎች፣ አንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ በሲዲ ካወጣ ወዲህ የውጭ ሰብሳቢ በዝቷል፤ አንዲት ትንሽ ሸክላ በመቶዎች ዶላር የምትሸጥበት ጊዜም አለ። ይህንን እያወቃችሁ ከአንዲት እማማ ቤት በመቶ ብር ጠቅልላችሁ ብትወጡ ንግድ አትበሉት። ዋጋውን ንገሯቸው። መሸጥ ካልፈለጉ አትጨቅጭቁ፤ አስፈቅዳችሁ ቅዱትና ሸክላውን መልሱ። ስሙ የተጻፈበት ሰው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ሠርግ እንደተጫወተም ጠይቁና ጻፉት፤ ቅጂውን ለልጆቻቸው በስልክ ላኩላቸው። በሚቀጥለው ቤት ራዲዮግራሙን የሚከፍቱላችሁ እነሱ ስለ እናንተ ከመሰከሩ ነው።