ጁሪ ስንጠራ ደመወዛችንን ማን ይከፍላል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሆቴል ሠራተኞች ተወካይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጁሪ የተጠራችሁ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ተቀምጣችሁ ጉዳይ ሰምታችሁ እንድትፈርዱ የታዘዛችሁ፣ ጠይቁኝ። ግን የምትኖሩበትን ስቴት፣ በሰዓት ይሁን በሳላሪ (ሰዓት ሳይቆጠር በሚከፈል ቋሚ ደመወዝ) እንደምትሠሩም ጻፉ። ያለዚያ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጁሪ ስሄድ መሥሪያ ቤቴ የመክፈል ግዴታ አለበት?
መልስ፦ የት ነው የምትኖረው?

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። በሰዓት ነው።
መልስ፦ ግዴታ የለበትም። የፌዴራሉ ሕግ ላልተሠራ ሰዓት ክፈሉ አይልም፤ የቀረውን ለስቴቶች ትቶታል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቀጣሪውን አያስገድዱም። ግን በጁሪ ምክንያት ሊያባርርህ አይችልም። የዓመት ወይም የሕመም ፈቃድህን ጨርስበት ሊልህም አይችልም። ኤች አርን (የሠራተኛ አስተዳደሩን) ጠይቅ፤ በራሳቸው ፈቃድ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ የሌሊት ሺፍት። ሱፐርቫይዘሬ «ቀን ፍርድ ቤት ብትውይም ማታ ትገቢያለሽ» አለችኝ።
መልስ፦ አትገቢም እህቴ! ይህን ሁሉም ሰው ያንብብልኝ። የእኛ ሰው ግማሹ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም፣ መንገዱን ጨምሮ 4 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለጁሪ ካዋልሽ፣ በዚያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ፣ በማግስቱ ደግሞ ከንጋቱ 3 ሰዓት በፊት የሚጀምር ሺፍት ግቢ ሊሉሽ አይችሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን መጣስ ወንጀል ነው። የጥሪ ወረቀቱ እንደደረሰሽ ኮፒውን ለሱፐርቫይዘርሽ ስጪ። በቃል ብቻ አትናገሪ። አንዲት እህታችን ቀን ጁሪ ውላ፣ ማታ ሥራ ገብታ በሽተኛ እያገላበጠች ራሷን ስታ ወድቃለች። መብቷን የነገራት አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አስተያየት፦ ምን ያደክማችኋል? ወረቀቱን ጣሉት። እኔ ሁለቴ ጥያለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም።
አስተያየት፦ ወንድሜ፣ ሰው አታሳስት። ጎረቤቴ ጥሎ ዳኛ ፊት ቀርበህ አስረዳ ተብሏል።
አስተያየት፦ አገራችን እኮ ዳኛው ነው የሚፈርደው። እኛ ስለ ወንጀል ምን እናውቃለን?
አስተያየት፦ ልጅህ ቢከሰስ እንደ አንተ ያለ ሰው እዚያ ቢቀመጥለት አትወድም?
መልስ፦ እባካችሁ ወደ ደመወዙ እንመለስ። ወረቀት አይጣልም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነኝ፣ ተጠራሁ። ልሂድ?
መልስ፦ ጁሪ የሚቀመጠው ዜጋ ብቻ ነው። ስምህን ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ወስደውት ይሆናል። ቅጹ ላይ «ዜጋ አይደለሁም» የሚለውን ሞልተህ መልስ። ዜጋ ነኝ ብለህ እንዳትሞላ! ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲሲስ? ኮሎራዶስ?
መልስ፦ ዲሲ፣ ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እስከ 5 ቀን ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ለጁሪ የሚሰጥህን አበል ይቀንሳል። ኮሎራዶ፣ ቀጣሪው የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ደመወዝህን በቀን እስከ 50 ዶላር ይከፍላል። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ስቴቱ 50 ዶላር ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው።
መልስ፦ ቀጣሪ ስለሌለህ ደመወዝ የሚከፍልህ የለም። ፍርድ ቤቱ ቀኑን ሥራ ቀዝቀዝ ወደሚልበት ጊዜ እንዲያዛውርልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በሳላሪ ነኝ፣ ኦቨርታይም የለኝም። ለ2 ቀን ጁሪ ቆረጡብኝ።
መልስ፦ በዚያ ሳምንት ሌላውን ቀን ከሠራህ መቁረጥ አይችሉም። የጁሪ አበልህን ብቻ ማቀናነስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ ይከፍለኛል?
መልስ፦ የትኛው ስቴት? በሰዓት ወይስ በሳላሪ? ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብቡ እንጂ። ግሪን ካርድ ያላችሁም፣ ዜጋ ነኝ ብላችሁ እንዳትሞሉ።

ጥያቄ፦ «ጁሪ ቀርተሻል፣ በጊፍት ካርድ ክፈይ» ብለው ደወሉልኝ።
መልስ፦ ሌቦች ናቸው። ዝጊው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲኤንኤዋ ነኝ። ፍርድ ቤት መዋሌን ለሱፐርቫይዘሬ በምን አሳያታለሁ?
መልስ፦ ጠዋት ከሚመዘግቡሽ ሰዎች የተገኘሽበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት ጠይቂ። ሳትቀበይ እንዳትወጪ።