መኪና የማይበዛበት የፈረንሳይ ገጠር፦ የብስክሌት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በፈረንሳይ ገጠር መኪና ሳያስጨንቅ በብስክሌት መጓዝ የሚቻለው የት ነው? መንገዱስ ሞልቷል። የአገሪቱ መንገድ ተደምሮ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ የመንደር አስተዳደሮች የሚጠግኑት ጠባብ አስፋልት ነው። አስቸጋሪው መምረጡ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ሰዓት በኢትዮጵያ፣ ወሩ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ካርታ ላይ ቁጥሩ ትልቅ የሆነ የ«ዲ» መንገድ ትንሽ መንገድ ነው ብዬ እመርጣለሁ። ግን የጭነት መኪና ሲያልፍብኝ ይውላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቁጥሩን ማመንዎ ነው ያሳሳተዎት። የ«ዲ» መንገድ የሚተዳደረው በዴፓርትማን (በክፍለ አገሩ) ነው። በ2006 መንግሥት ብዙ ብሔራዊ መንገዶችን ለዴፓርትማኖች ሲያስረክብ፣ ስፋታቸውም የጭነት መኪናቸውም እንዳለ ሆኖ የ«ዲ» ቁጥር ተለጠፈባቸው። ከኦርሌያን ወደ ቪዬርዞን የሚወስደው ዲ2020 የድሮው ብሔራዊ 20 ነው፤ በሻሎንና በማኮን መካከል ያለው ዲ906 ደግሞ የድሮው ብሔራዊ 6። በሁለቱም አቅራቢያ ክፍያ ያለበት አውቶሩት (ፈጣን የመኪና መንገድ) ያልፋል፤ ክፍያውን የሚሸሽ ሹፌር ሁሉ የሚመጣው ወደ እነሱ ነው። ስለዚህ ከአውቶሩት ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ ካዩ ከእቅድዎ ያውጡት።

በቁጥሩ ፋንታ ቀለሙን ይመልከቱ። በሚሽላን ካርታ ቀይ ዋና መንገድ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ነጭ ትንሽ ነው። ለብስክሌት የሚሆነው ነጩ ነው። ጠርዙ አረንጓዴ የተቀባ ከሆነ አካባቢው ያምራል ማለት እንጂ ጸጥ ያለ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በጁላይና በኦገስት ሞተር ሳይክልና ካራቫን የሚበዛው እዚያ ነው። መንገዱ ላይ የተሳሉት ቀስቶች ዳገት ያመለክታሉ፤ አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከ13 በመቶ በላይ ነው። ጫፋቸው የሚያመለክተው ሽቅቡን ነው።

ከዚያ የሚያጠራጥርዎትን ክፍል በኢንተርኔት የመንገድ ፎቶ ላይ ይዩት። አስፋልቱ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ከሌለው ሁለት መኪና እንደ ልብ የማይተላለፍበት ጠባብ ነው፤ የሚገባበትም የአካባቢው ሰውና ትራክተር ነው። መሀሉም ዳርና ዳሩም መስመር ከተቀባ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ወንዝ ተከትለው ሲጓዙ ሁለቱንም ዳርቻ ማየት አይርሱ። አብዛኛውን ጊዜ ከተማውም ባቡሩም ቢጫው መንገድም በአንዱ ወገን ይሰለፋሉ፤ ማዶ ያለው ነጭ መንገድ ባዶውን ይውላል። ድልድይ ፍለጋ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ቢጨምሩ ቀኑን ሙሉ ያርፋሉ።

አንድ ነገር ግን ይወቁት፤ ነጭ መንገድ ይጠማዘዛል፣ ወደ ጅረቱ ይወርድና መልሶ ይወጣል። በቀን 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 70 ቢያቅድ ይሻለዋል።

ጥያቄ (ከብራስልስ)፦ ጸጥታ የምፈልገው ከሁሉ በላይ ነው። አካባቢ ምረጡልኝ።

መልስ፦ በመካከለኛው ፈረንሳይ ያለው ክሩዝ። በካሬ ኪሎ ሜትር 20 ሰው ገደማ ነው የሚኖረው፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሲሄዱ ሁለት መኪና ካጋጠመዎት በዝቷል። ሜዳ ግን አይጠብቁ፤ ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ያስፈልግዎታል። በቡርጎኝ ያለው ሞርቫን በደን የተሸፈነ ነው፤ በሥራ ቀናት ግንድ የጫኑ መኪኖች ስለሚመላለሱበት ለቅዳሜና እሑድ ያድርጉት። በደቡብ ምዕራብ ያለው ዤርስ ደግሞ አቅጣጫ ይጠይቃል። ወንዞቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደ ጣት ተዘርግተው ስለሚፈሱ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሸንተረሩን እየወጣና እየወረደ ነው የሚውለው። ሸለቆውን ይዘው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢነዱ ያው አገር በግማሽ ድካም ያልፋል።

ጥያቄ (ከሊዮን)፦ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉን። መኪና ጭራሽ የማይገባበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ «ቯ ቬርት» ይባላል። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባበትም። «ቬሎሩት» የሚለው ምልክት ግን ከዚህ ይለያል፤ ለብስክሌት ምልክት የተደረገለት ረጅም መስመር ነው፣ ከፊሉም በመኪና መንገድ ላይ ያልፋል። ታዋቂው የሎዋር ወንዝ መስመር (900 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሳይቀር እንዲህ የተቀላቀለ ነው።

ለእናንተ የምንመርጠው በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለውን 44 ኪሎ ሜትር ነው። በ1997 በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተከፈተ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ቯ ቬርት ነው። ባቡር ጠንካራ ዳገት ስለማይወጣ ልጆቹም አይደክሙም፤ መሬቱ አስፋልት ነው። በቡክሲ ወይም በኮርማታን አድራችሁ በሁለት ቀን ጨርሱት። ጥንቃቄ የሚፈልገው መንገዱ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ነው፤ ልጆች ነጻ መንገድ ከለመዱ በኋላ ሳይቆሙ ይሻገራሉ። «እንጨቱ መዝጊያ ጋ ሁሉም እግሩን መሬት ያሳርፋል» የሚል ሕግ ጠዋት ሳትነሡ አውጡ። ከክሉኒ ወደ ማኮን ለመቀጠል ካሰባችሁ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ፤ ውስጡ በኦገስትም ይበርዳልና ጃኬት ያዙ። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል።

የራስ ቁር ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሕግ ግዴታ ነው፤ ለትልቁም አድርጉለት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ በ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ካናል ዱ ሚዲን ከቱሉዝ እስከ ባሕሩ መጨረስ ይቻላል?

መልስ፦ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ይቆጭዎታል። ካናሉ (የጀልባ ቦዩ) 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቱሉዝ ሲነሡ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥሩ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙው ክፍል ጀልባ ይጎትቱ የነበሩ ፈረሶች የረገጡት የአፈር መንገድ ነው። የትላልቆቹ ዛፎች ሥር መሬቱን ሰንጥቆ ስለወጣ ጎማ ከጠርዙ ጋር ይጋጫል፤ የውስጥ ጎማው በሁለት ቦታ ጎን ለጎን ይቀደዳል። ሲዘንብ ደግሞ ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ይጠቀጠቃል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ደህና ሄደዋል። ይህን ክፍል የሚፈልግ ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ያድርግ።

ጥላም እንደ ድሮው አይደለም። ዛፎቹን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ በ2006 ስለተገኘባቸው በብዙ ቦታ ተቆርጠው አዲስ እየተተከለ ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውሃ ይያዙ።

በ28 ሚሊ ሜትር ጎማዎ የሚሆነው ከቱሉዝ በተቃራኒው፣ ወደ ቦርዶ የሚወስደው የጋሮን ካናል ነው፤ 193 ኪሎ ሜትር፣ ከሞላ ጎደል አስፋልት። ባሕሩን ካሉ ግን አስፋልቱ ሲያልቅ ካናሉን ትተው በአቅራቢያው ባሉት ነጭ መንገዶች ይቀጥሉ። የንፋሱን ትንበያ አይተው ይነሡ፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሰር ከኋላ ይገፋዎታል፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኦታን ፊት ለፊት ይገጥምዎታል።

ጥያቄ (ከማርሴይ)፦ ፍልሰታን እየጾምኩ ለአራት ቀን መንዳት አስቤአለሁ። በፈረንሳይ መንደር የጾም ምግብ ምን አገኛለሁ?

መልስ፦ ዳቦው አያሳስብዎ። «ፓን ደ ትራዲሲዮን ፍራንሴዝ» ተብሎ የሚሸጠው ከምን እንደሚሠራ በ1993 በወጣ ድንጋጌ ተወስኗል፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፣ ወተትና ቅቤ የለበትም። ክሯሳን፣ ብሪዮሽና «ፓን ኦ ሌ» ግን ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ወተት አለባቸው። በቆርቆሮ ከሚሸጠው ራታቱይ (የአትክልት ወጥ) እና ሽንብራ ይሆናሉ። የተቀቀለ ምስር ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ፤ ብዙው ከአሳማ ወይም ከዳክዬ ስብ ጋር ነው የሚመጣው። ተምር፣ ሙዝና በከረጢት የታሸገ የፖም ኮምፖት በኪስ የሚያዙ ናቸው።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። የመንደር ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ እስከ 9 ለሚጾም ሰው ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ትንንሽ ሱቆችም ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ጠዋት ገዝተው ይያዙ። ኦገስት 15 የአገሪቱ በዓል ነው፤ ጾሙ መሀል ላይ ስለሚውል ስንቅዎን ከዋዜማው ይሸምቱ። ጉዞውን ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምረው 5 ሰዓት ላይ ይጨርሱ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር አይለፉ። ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ በዚያ ሙቀት ብስክሌት መንዳት ለጤና አደገኛ ነውና ጉዞውን ከጾሙ በኋላ ያድርጉት።

ውሃ ለሚጠጣ ሰው ግን በየመንደሩ መካነ መቃብር ቧንቧ አለ። «ኖን ፖታብል» (አይጠጣም) የሚል ከተጻፈበት አይቅዱ።

ጥያቄ (ከጄኔቫ)፦ ቁልቁለት ላይ ድንገት ኮረት የተነሰነሰበት መንገድ ገጠመኝና ልወድቅ ነበር። ምንድን ነው?

መልስ፦ የመንገድ ጥገና ነው። ሞቃቱ ወራት ሲገባ ሬንጅ ይረጩና ኮረት ይበትኑበታል፤ የሚጠቀጥቀው የሚያልፈው መኪና ነው። መኪና በማይበዛበት መንገድ ኮረቱ ለሳምንታት ሳይጣበቅ የሚቆየው ለዚህ ነው። «ግራቪዮን» (ኮረት) የሚል ምልክት ሲያዩ ከኩርባው በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፤ ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን አይንኩ፣ ብስክሌቱንም አያጋድሉ። የመኪና ጎማ የጠረገውን መስመር ይያዙ።

ሌላም እንጨምር። በመንደር ውስጥ ምልክት በሌለው መገናኛ ላይ ቅድሚያ ያለው ከቀኝ የሚመጣው ነው። ከጠባብ የጎን መንገድ የሚወጣ ትራክተር ሳያይዎት ሳይሆን ቅድሚያ ስላለው ነው የሚገባብዎት። ከከተማ ሲወጡ ደግሞ «ቱት ዲሬክሲዮን» (ወደ ሁሉም አቅጣጫ) የሚለውን ሰሌዳ አይከተሉ፤ የመኪናው ጎርፍ ወዳለበት ያስገባዎታል። የሚቀጥለውን ትንሽ መንደር ስም ይፈልጉ።

ጥያቄ (ከአምስተርዳም)፦ ሌሊት ለመንዳት ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፤ ከከተማ ውጭ ሲጨልም አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት 135 ዩሮ ያስቀጣል።

ጥያቄ (ከፓሪስ)፦ ብስክሌቴን በባቡር ወደ ገጠር ለመውሰድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በክልል ባቡሮች (ቴኧር) አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይጫናል፤ በሞቃቱ ወራት ግን አንዳንድ ክልሎች ቦታ አስቀድሞ መያዝን ግዴታ ያደርጋሉ። ቴጄቬ (ፈጣኑ ባቡር) ላይ የብስክሌት ቦታ ካልተገኘ ፈትተው በከረጢት ይያዙት፤ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ የኋላ ጥርስ ያውርዱና ሁለቱንም ጎማ ያውልቁ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ይሰኩ፤ አለዚያ ማንሻው በድንገት ሲጫን ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩ አልገባ ይላል። የግራው ፔዳል የሚፈታው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ነው፤ በሌላው በኩል ከታገሉት ይበልጥ ይጠብቃል። የሚወርዱበት ባቡር ጣቢያ ደርሰው ሲገጥሙት የፊቱ ጎማ አክስል መጥበቁን ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ። እሑድና ሰኞ የገጠር ብስክሌት መጠገኛ ዝግ ስለሆነ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና ፓምፕ ከፓሪስ ይዘው ይሂዱ።