የኔታዋም እናቷም እርስዎ ነዎት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለቱን ልጆቻችንን ቤት ማስተማር ጀመርኩ። ወደድነውና ቀጠልንበት። በኋላ ባለቤቴ ድረ ገጽ ከፈተ። መልመጃዎቼን፣ የሳምንት እቅዴንና ልጆቹ ሲማሩ የቀረጽናቸውን ቪዲዮዎች ለሌሎች ወላጆች እናካፍላለን። ብዙ ቤተሰብ ይጠቀምበታል። አሁን ግን የ12 ዓመቷ ልጄ አስቸገረችኝ። የጥምቀት ዕለት ጥምቀተ ባሕሩ ጋ አንዲት እኩያዋ «አንቺ ያቺ ቪዲዮው ላይ ክፍልፋይ የተሳሳትሽው ልጅ አይደለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ደብተር አትከፍትም። ስቆጣት «አሁን እማዬ ነሽ ወይስ ቲቸር?» ትለኛለች። ባለቤቴ «ጉርምስና ነው፣ ያልፋል» ይላል። አማቴ ደግሞ ከአዘዞ በመጡ ቁጥር «ልጅ ያለ ባልንጀራ አታሳድጉ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ ላይ ነው። ሽሙጥ ይመስላል። እኔ ግን መልሱን በእውነት የምትፈልገው ይመስለኛል።

ለጎንደር ሰው ስለ የኔታ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ይቆጣሉ፣ አለንጋም ያነሳሉ። (አለንጋውን እያመሰገንኩ አይደለም።) የሰፈሩ ልጅ ግን ማታ ቤቱ ይገባል። እናቱ እንባውን ጠርጋ እራቱን ታቀርብለታለች። የኔታን ማማት ከፈለገም ታዳምጠዋለች። የእርስዎ ልጅ የኔታ ሲቆጧት የምትሮጠው ወደ ማን ነው? ወደዚያው ወደ የኔታ። ጠዋት በክፍልፋይ የተከፋው ፊት ማታም ማዕድ ላይ ይጠብቃታል።

ባለቤትዎ ጉርምስና ነው ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው። ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሰው ሁሉ የሚያየው እንደሚመስለው ገልጿል። ፊቷ ላይ አንዲት ብጉር ብትወጣ ከተማው ሁሉ ያወራባት ይመስላታል። ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ ያለው ልጁ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን ተመልካቿ በአካል መጣባት። ያውም በጥምቀት፣ አዲስ ልብሷን ለብሳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል! «ማንም አያይሽም» ብለው ሊያጽናኗት አይችሉም። አይተዋታልና።

ስለዚህ ከቪዲዮው ይጀምሩ። እሷ ያለችባቸውን ሁሉ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይጥፋ የሚለውን እሷ ትወስን። ማጥፊያውንም በገዛ ጣቷ ትጫነው። ሁሉንም ካጠፋችው ሁሉም ይጥፋ፣ አይከራከሯት። ባለቤትዎ የለፉበት ነውና ቅር ይላቸው ይሆናል። ድረ ገጹ ይዘጋ አላልኩም፣ ጥሩ ሥራ ነው። መልመጃውና እቅዱ ግን የልጅ ፊት ባይኖርበትም ሰው ይጠቅማል። የትንሹም ፈቃድ ይጠየቅ።

ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል። ቲቸር የምትሄድበት ሰዓት ይኑር። ለምሳሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዙር። ከዚያ በኋላ እርስዎ እናት ብቻ ነዎት። ቡና ሲፈላ ስለ ሒሳብ አይነሳም። መጀመሪያ አካባቢ አፍዎን ይበላዎታል፣ አውቃለሁ። ቡናውን እየቆሉ «ለመሆኑ ያን መልመጃ...» ሊሉ ሲሉ ምላስዎን ይንከሱ። ሒሳቡንም ለጊዜው አባቷ ይያዙት። ቁስሉ ያለው እዚያ ነው፣ የእርስዎ እጅ ለጥቂት ወራት ባይነካው ይሻላል። ለእርስዎም እረፍት ነው። ማስተማሩ፣ መልመጃው፣ ማብሰሉ አንድ ሰው ላይ ተከምሮ ሳይቆጡ መዋል ከባድ ነው።

አማትዎ አነጋገራቸው ቢያምም የእኩያውን ነገር አልሳቱም። ክርክሩን ይተዉትና ቅዳሜ ልጅቷን አዘዞ ይላኳት። ከአክስትና ከአጎት ልጆች ጋር ትዋል፣ ትደር። እዚያ ማንም አያርማትም።

ወደ ትምህርት ቤት ትመለስ ወይ? እሱን አሁን አልወስንልዎትም። ተናዳ ሳለችም አይጠይቋት። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ሩቅ አይደለም። የት ተመዝግባ እንደምትፈተን ከወዲሁ የከተማውን ትምህርት መምሪያ ሄደው ይጠይቁ። እንቅልፏና ምግቧ እየቀነሰ ሄዶ ከቤት አልወጣም ካለች ደግሞ ደብዳቤ አይጻፉልኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ይዘዋት ይሂዱ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታውኑ ማድረግ ይችላሉ። ሥራ ሲጨርሱ አጠገቧ ቁጭ ይበሉና «ያን ቀን ለዚያች ልጅ ምን ብለሽ መለስሽላት?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አላየሁም።