የአያት አኮርዲዮን በምን ኪ ነው? የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

ከከዚራ የጻፈልን ወጣት ከአያቱ ሳጥን ውስጥ አንድ ረድፍ አሥር ቁልፍ ያለው አኮርዲዮን አግኝቷል። ከኪቦርድ ጋር ሲጫወተው አልገጥም አለው። በምን ኪ (በየትኛው መነሻ ድምፅ) እንደሆነ እንዴት ልወቅ ይላል።

ወንድሜ፣ ራሱ ይነግርሃል። ስልክህ ላይ ቲዩነር (የድምፁን ስም የሚያሳይ አፕ) ጫን። መሃል ካሉት ቁልፎች አንዷን ተጫንና ወናፉን ወደ ውስጥ ግፋ፤ የወጣውን ድምፅ ጻፍ። ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱንም እንዲሁ። በአንድ ረድፍ ላይ ስትገፋ የሚወጡት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ ከፍ እያሉ ይደጋገማሉ። ጂ (G)፣ ሲ (C) እና ኢ (E) ካገኘህ ኪው ሲ ሜጀር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ቲዩነሩ መጀመሪያ ጂ ስላለው ብቻ ጂ ነው ብሎ ይደመድማል። ለማረጋገጥ ከሲ ተነስተህ ወደ ላይ ውጣ። ሲ ስትገፋ፣ ዲ ስትስብ፤ ኢ ስትገፋ፣ ኤፍ ስትስብ፤ ጂ ስትገፋ፣ ኤ ስትስብ። ቢ ላይ ተራው ይገለበጣል፤ ቀድመህ ትስባለህ፣ ከዚያ ገፍተህ ሲ ላይ ትደርሳለህ። ስኬሉ (የድምፆቹ መሰላል) እንዲህ ከሞላ አልተሳሳትክም። በግራ እጅ በኩል ሁለት የባስ (የወፍራም ድምፅ) ቁልፍ ብቻ ካለው ደግሞ ስትገፋ ነጠላ ድምፅ የምትሰጠው የኪውን ስም ትጠራልሃለች። ካቃተህ የሙዚቃ መምህር ጠይቅ።

የእኔ ባለ ሁለት ረድፍ ነው ያሉ አባት አሉ። አባቴ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ይሞክሩት። አንዱ ጂ ሌላው ሲ ሊሆን ይችላል።

"አንዱ ቁልፍ ስገፋና ስስብ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፣ ተበላሽቷል?" አልተበላሸም፣ አሠራሩ ነው። በሁለቱም በኩል አንድ ድምፅ የሚሰጠው ክሮማቲክ ይባላል፤ እሱ ደግሞ የራሱ ኪ የለውም።

ከሐረር ጁገል አንዱ የአንቺሆዬ ቅኝት አልወጣ ስላለው ምላሶቹን (ድምፅ የሚሰጡትን ቀጫጭን ብረቶች) በሞረድ ላስሞርድ ይላል። ኧረ ተው! ክራር መሰለህ እንዴ? ክራር ይቃኛል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይቃኛል። የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም። በሲ አኮርዲዮን ትዝታ ሜጀርና ባቲ ሜጀር ከሲ፣ አምባሰል ከኢ ተነስተው በሚገባ ይወጣሉ። አንቺሆዬ በአንድ ሜጀር ስኬል ውስጥ አይሞላም፤ ጥፋቱ የአኮርዲዮኑ አይደለም። እንዲያወጣልህ ከፈለግክ ረድፎቹ በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ፣ ለምሳሌ ቢ እና ሲ የሆነ ፈልግ።

የድሬዳዋዋ እህታችን አኮርዲዮኗን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣው ከረመች። አሁን አንዳንዱ ድምፅ ጠፍቷል፣ አንዳንዱ ይንጫጫል። እህቴ፣ የድሬን ሙቀት ለአንቺ አልነግርሽም። በብዙ አኮርዲዮኖች ውስጥ ምላሶቹን ቦታቸው ላይ የሚይዛቸው ሰም ነው፤ ሰም ሲሞቅ ይላላል፣ ምላሱ ከቦታው ይንሸራተታል። ከአሁኑ ሰዓት ጀምሮ አትጫወቺበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቤት አስቀምጪው። አኮርዲዮን የሚያውቅ ጠጋኝ ፈልጊ፤ ሌላ ከተማ መሄድ ቢያስፈልግም ሂጂ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። እኔ አንድ ጊዜ ለሬዲዮ ጠጋኝ ሰጥቼ በሱፐር ግሉ አጣብቆ መለሰልኝ። ምላሶቹን ለማላቀቅ የከፈልኩት ለማጣበቅ ከከፈልኩት አሥር እጥፍ ነበር።

ቀዩ አኮርዲዮን ከጥቁሩ ይበልጥ ይጮሃል ወይ ላልከው፦ አይጮህም።