ለሐሳብ ጉባኤ የማሳያ ቦታ፦ ጎብኚው ምን ይሥራ?

እህታችን የጠየቀችው ይህንን ነው፦ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅታቸው ባሕር ዳር በሚካሄድ የሐሳብ ጉባኤ ላይ የማሳያ ቦታ አግኝቷል፤ ሰው በራሪ ወረቀት ብቻ ወስዶ እንዳይሄድ ምን ያቅርቡ? እኛም ጣና ዳር ባለ አዳራሽ ይህንኑ ሠርተን ስለነበር ያየሁትን ልንገራችሁ።

የሐሳብ ጉባኤ የንግድ ትርዒት አይደለም። የሚመጣው ሰው ሊሰማና ሊከራከር እንጂ ሊገዛ አይደለም። በቴድ (TED፣ አጫጭር ንግግሮች የሚቀርቡበት ዓለም አቀፍ መድረክ) መልክ በሚዘጋጁት ላይ አንድ ንግግር ከ18 ደቂቃ አይበልጥም፤ ዕረፍት ሲሆን ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ቡና ፍለጋ ይወጣል። በዚያ ግርግር ረጅም ማብራሪያ የሚሰማችሁ የለም። ጎብኚው የሚሞክረው ነገር ከሁለት ደቂቃ በታች ይጠናቀቅ፤ ከኋላ የቆመውም የሚሆነውን ይመልከት።

እኛ የምንሠራው ለሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ሱቅ ዘረጋን፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ፓስታ። ጎብኚው ባለሱቅ ይሆናል፣ ጓደኛው ገዢ ሆኖ ዋጋ ይከራከረዋል። ዕቃው በባርኮድ ማንበቢያ ካለፈ በኋላ የባለሱቁ ስም በፊደላችን የታተመበት ወረቀት ይወጣል። ሰልፉን ያመጣችው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ብዙዎቹ ትናንሽ የደረሰኝ ማተሚያዎች ዛሬም አያውቁትም፤ በስሙ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። መፍትሔው ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ምስል ቀይሮ መላክ ነው። «ለማሳያ ብቻ፣ ደረሰኝ አይደለም» የሚለውም በጉልህ ይታተም፤ ከግብር ጋር የተያያዘ ነገር ቀልድ አያውቅም።

አንድ አዛውንት ነጋዴ ሳሙናውን እንደያዙ፣ «ዋጋው ገብቶኛል። ዱቤው የት ይጻፋል?» አሉን። ልጆቻችን ስለ ባንክ ክፍያ ማስረዳት ጀመሩ። እርሳቸው ግን ከኮታቸው ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥተው ገለጡልን፤ ስም፣ ቀን፣ ብር፤ የከፈለው ሰው በአንድ መስመር ተሰርዟል። «እኔን የሚያኖረኝ ደመወዝ እስኪወጣ የሚወስደው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለጎብኚ የምናቀርበው ጥያቄ «ይህ ሱቅ ምን ይጎድለዋል?» የሚል ሆነ። መልሱን ወዲያው በትልቁ ስክሪን ላይ እናሰፍራለን፤ ቀጣዩ ሰው አንብቦ ይቃወማል፣ ሌላው ያግዘዋል፤ ክርክሩ እዚያው ይደራል። የሽልማት ዕጣ ግን አልመክርም፤ የሚሰበስበው ቲሸርት ፈላጊ ነው።

ኢንተርኔት ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁሉም ነገር ከአንድ ላፕቶፕ ይሥራ፤ የጎብኚዎች ስልክ የሚገናኝበት ራውተር የራሳችሁ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ የሚያቆይ ባትሪም ያዙ። አዳራሹ ሐይቁን በመስታወት የሚያይ ከሆነ የስክሪኑን ፊት ወደ ውኃው አታዙሩት፤ ከጣና የሚመለሰው ብርሃን ጽሑፉን ያጠፋዋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስም ወረቀት ይበትናል፤ መያዣ ድንጋይ ከግቢው አይጠፋም።

ስልክ ቁጥር የምትመዘግቡ ከሆነ ለምን እንደፈለጋችሁት ተናግራችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኛ የመዘገብነው ስለጎደለው ነገር የነገሩንንና ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ ነው። በሶፍትዌራችን ላይ የጨመርነው የዱቤ መመዝገቢያ ገጽ ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ የደወልነው ለባለ ደብተሩ ነበር፤ አይተው ሁለት ነገር አስቀየሩን።