ጀርመንኛ፦ «ወንድሟ» እና «እህቱ» ሲባል መድረሻው በማን ይወሰናል?

ጥያቄ፦ «ወንድሟ» ለማለት «ኢረ ብሩደር» ብዬ ጻፍኩ፤ አስተማሪዬ «ኢር ብሩደር» ብለው አረሙልኝ። ባለቤቷ ሴት ሆና ሳለ ለምን?

መልስ፦ የባለቤቷ ሴትነት የሚመርጠው የቃሉን ሥር ብቻ ነው፦ የእሱ ከሆነ «ዛይን»፣ የእሷ ከሆነ «ኢር»። መድረሻውን የሚወስነው ተከትሎ የሚመጣው ስም ጾታ ነው። ብሩደር ተባዕታይ ስለሆነ «ኢር ብሩደር»፤ ሽቬስተር (እህት) አንስታይ ስለሆነች ባለቤቱ ወንድ ቢሆንም «ዛይነ ሽቬስተር»። ግዑዝ ጾታ ያለው ኪንት (ልጅ) እንደ ብሩደር «ኢር ኪንት» ይባላል፤ ሲበዛ ግን «ኢረ ኪንደር»። ስለዚህ ማንኛውንም ስም ሲያጠኑ ዴር (ተባዕታይ)፣ ዲ (አንስታይ) ወይም ዳስ (ግዑዝ) መሆኑን አብረው ይያዙ፤ ያለዚያ መድረሻው ግምት ይሆናል።

ስሙ ተሳቢ ሲሆን የሚለወጠው ተባዕታዩ ነጠላ ብቻ ነው፦ «ኢሽ ዜሄ ኢረን ብሩደር»፣ ወንድሟን አያለሁ። የአማርኛዋ «ን» እዚህ ትረዳዎታለች፤ ሁልጊዜ ግን አይተማመኑባት። «ወንድሟን እረዳለሁ» ለማለት «ሄልፈን» የሚለው ግስ ሌላ መድረሻ ስለሚፈልግ «ኢሽ ሄልፈ ኢረም ብሩደር» ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ሚት» (ጋር) ካለም እንዲሁ፦ «ሚት ኢረም ብሩደር»፣ «ሚት ኢረር ሽቬስተር»። እዚህ ለብዙ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ራሱ «ን» ይጨምራል፦ «ሚት ኢረን ኪንደርን»።