የየትኛው ዓመት እትም ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ሱፐርሂሮ ግራፊክ ኖቭሎች (በሥዕል ስለሚተረኩ የጀግና መጻሕፍት)፣ በተለይ ጨለም ስላሉትና ራሳቸውን ችለው ስለቆሙት፣ ሂስ መጻፍ ጀምረናልና ምክር ስጠን ብላችሁኛል። ያረጀሁት የጋዜጣ የጥበብ ዓምድ ስጽፍ ነው። ስለ ኮሚክ መጻፍ የጀመርኩት ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ጉዴን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የጀግናው የባትማንና የባላንጣው የጆከር ታሪክ ነው። ደራሲው አላን ሙር፣ ሰዓሊው ብራያን ቦላንድ። ሃምሳ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ አንዴ ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። በማግስቱ ጽፌ ጨረስኩ።

በጽሑፌ ቀለም ቀቢውን ጆን ሂጊንስን አሞገስኩት። የጆከር ያለፈ ሕይወት በጥቁርና ነጭ ሲተረክ፣ በየመሃሉ አንድ ነገር ብቻ ይቀላል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ሽሪምፕ ለምሳሌ። ቅላቱ እየበረታ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሰውየው የሚያጠልቀው ቀይ ጭንብል ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር አንቀጹ ያምር ነበር። ችግሩ፣ ሂጊንስ እንደዚያ አልቀባም። እኔ የያዝኩት ቦላንድ ራሱ ቀለሙን እንደገና ሠርቶ በ2008 የወጣው እትም ነው። አንድ አንባቢ የሁለቱን እትሞች ገጽ ጎን ለጎን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ጋሼ?»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ አሮጌውን እትም ፈልጌ አገኘሁ። የሂጊንስ ቀለም ይጮኻል፤ ብርቱካንማው፣ ሐምራዊው፣ አረንጓዴው። የቦላንድ ቀዝቃዛ ነው፤ ባትማን ደረት ላይ የነበረችው ቢጫ ክብ እንኳን ጠፍታለች። ታሪኩ ያው፣ መስመሩም ያው፤ ስሜቱ ግን ሌላ። ብዙዎች አዲሱን ይመርጣሉ። እኔ አሮጌውን። ታሪኩ የሚያልቀው በተተወ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ቅዠቱ መጮህ አለበት ባይ ነኝ። አትስማሙ፤ ግን ሁለቱንም አይታችሁ አትስማሙ።

ሌላው፣ «ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ጥልቅ ነው» የምትሉት ነገር። ከምታሳዩኝ ረቂቅ ግማሹ ላይ አለ። ተዉት እባካችሁ። ይልቅ ጨለማው በማን ላይ እንደወደቀ ጠይቁ። (ያላነበበ ይቅር ይበለኝ።) የፖሊስ ኮሚሽነሩ ጎርደን ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለ ጆከር የወጡ የጋዜጣ ቁራጮች ይለጥፋል። በር ሲንኳኳ ልጁ ባርባራ ትከፍታለች። ጆከር አበባ በአበባ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ይተኩስባታል። ከዚያስ? ሆስፒታል ውስጥ ትንሽ እናያታለን፣ በቃ። የቀረው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። አላን ሙር ራሱ ኋላ ላይ ይህን ሥራውን አልወደደውም።

እዚህ ጋ አንዳችሁ «ግን እኮ በኋላ ኦራክል ሆናለች» ማለታችሁ አይቀርም። እውነት ነው። ደራሲዎቹ ኪም ዬል እና ጆን ኦስትራንደር ከ1989 ጀምሮ ኦራክል በሚል ስም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና በኮምፒውተር የምትዋጋ ባለሙያ አድርገዋታል፤ ጎበዝ ናቸው። እናንተ የምትገመግሙት ግን ይህን መጽሐፍ ነው። ራሱን ችሎ ቆሟል ካላችሁ በራሱ ገጾች መዝኑት።

ፊደሉንም እዩ። በ1989 በወጣው ሌላ የባትማን መጽሐፍ፣ «አርካም አሳይለም» ውስጥ፣ ፊደል ጻፊው ጋስፓር ሳላዲኖ የጆከርን ንግግር ያለ ፊኛ (ንግግር የሚጻፍበት ክብ)፣ በተጫጫረ ቀይ ነው የጻፈው። አንዳንዱን ለማንበብ መነጽር አወልቄ እንደገና አድርጌያለሁ። ስሙን ግን ስንት ሐያሲ ጠቀሰው?

ስለ «ዘ ኪሊንግ ጆክ» መጨረሻ አልነግራችሁም፤ እናንተም ለአንባቢ አትንገሩ። የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አጠገብ ለአጠገብ ክፈቱ። ሁለቱም ላይ ዝናብ ኩሬ ላይ ይንጠባጠባል። መጨረሻው ላይ ሳቁ የትኛው የሥዕል ሳጥን ላይ እንደሚቆም በጣታችሁ ተከተሉና ያያችሁትን ጻፉ። ረቂቁን ላኩልኝ፣ አነበዋለሁ። የየትኛው ዓመት እትም እንደሆነ ግን ከላይ ጻፉበት።